ሞተሩ የጠፋበት ጠዋት

ለሚሰማ ሁሉ ይታወቅ። በነሐሴ ወር የመጀመሪያው ሰኞ፣ ጎህ ሲቀድ፣ በደሴታችን ዳር ባለችው መንደራችን በኪዚምካዚ ባሕሩ ወደ ኋላ ሸሸ። ጀልባዎቹንም አሸዋው ላይ ጥሏቸው ሄደ። ማክሰኞም እንዲሁ አደረገ። ከቅድመ አያቶቻችን ጀምሮ በቀን ሁለቴ የሚያደርገው ነገር ነው፤ የእኛ ሰው ግን በየጠዋቱ እንደ አዲስ ይናደዳል።

የተናደደ ሰው ጀልባ እየገፋ የሚሰድበው ሰው ይፈልጋል። በዚያ ዓመት ለዚህ ሩቅ መሄድ አላስፈለገም። ዙወና ነበረች።

ዙወና የምዜ ፓንዱ ልጅ ናት፤ ምዜ እኛ ሽማግሌ የምናከብርበት መጠሪያ ነው። ምዜ ፓንዱ ደግሞ የጀልባ ካፒቴኖች ማኅበር ሊቀ መንበር ናቸው። እንግዶች በማለዳ ከዶልፊን ጋር ሊዋኙ፣ ዓሣ ነባሪ ሊያዩ ወደ እኛ ይመጣሉ። ካፒቴኖቻችን ዶልፊን ባዩ ቁጥር አሥር ጀልባ ሆነው ሲያሳድዷቸው ስለኖሩ፣ ዶልፊኖቹም ሰው ናቸውና ሌላ ሰፈር መልመድ ጀመሩ። ስለዚህ ማኅበሩ ደንብ አወጣ። ከሦስት ጀልባ በላይ አይጠጋም። የተጠጋውም ሃምሳ እርምጃ ላይ ሞተሩን ያጠፋል። ዋናተኛ ቀስ ብሎ ይወርዳል እንጂ አናታቸው ላይ አይዘልም። ዓሣ ነባሪ ከሆነ ደግሞ ከሩቅ ይታያል፤ ከእሷ ጋር ዋና የሚባል ነገር የለም። ደንቡን በገዛ እጃቸው የጻፉት ምዜ ፓንዱ ናቸው፤ እጅ ጽሑፋቸው በጣም ያምራል። ባሕር ላይ የሚቸኩል ሰው ዶልፊን አይገባውም ይሉም ነበር። ከሁሉም ኋላ፣ በዝግታ፣ ወደ መስጊድ እንደሚሄድ ሰው ነበር የሚወጡት።

ከመንደሩ ወጣቶች አራቱ ሠልጥነው ደብተርና እስክሪብቶ ተሰጣቸውና ታዛቢ ሆኑ። ስሙ ሦስት ጊዜ የተጻፈ ካፒቴን ጀልባው እስከ ረመዳን አሸዋ ላይ ይውላል። ማን የማን ጀልባ ላይ እንደሚወጣ ዕጣ ሲወጣ፣ ለዙወና የቩዋይ ጀልባ ደረሳት። ከዚያ በኋላ የማኅበሩ ስብሰባ ለጥቂት ጊዜ በሳቅ ተቋረጠ።

የሳቁ ምክንያት ይህ ነው። ምዜ ፓንዱና የቩዋይ አባት ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በአንድ ዛፍ ጥላ ተጣሉ፤ ከጥላው ሥር ጀልባውን የሚያሳርፈው ማነው በሚል። ዛፉ በሦስተኛው ዓመት በነፋስ ወደቀ። ጠቡ አልወደቀም። የቩዋይ አባት ሲሞቱ ምዜ ፓንዱ ቀብር ላይ ተገኙ፣ አፈር አለበሱ፣ ከሟች ቤተሰብ ጋር አንድ ቃል ሳይለዋወጡ ተመለሱ። ቢ ኪዳዋ፣ ወይዘሮ ኪዳዋ ማለት ነው፣ የቩዋይ እናት፣ በምዜ ፓንዱ በር በኩል ላለማለፍ ውሃ ለመቅዳት በዘንባባዎቹ ዙሪያ ትዞራለች። እንዲህ ባለ ነገር ላይ ነው ዕጣው ያረፈው።

ቩዋይ ደግሞ ዝናው ለዕጣው የሚመች ሰው ነበር። የሃያ ሰባት ዓመት ልጅ ነው፤ የመንደሩን ፈጣን ሞተር ይዟል፤ ዶልፊን ካየ ዓይኑ ሌላ አያይም። በመጀመሪያው ማለዳ ዶልፊኖቹ ወደ ላይ ሲወጡ ዙወና ሞተሩን አጥፋ አለችው።

«ገና መቶ እርምጃ አለ» አላት።

«በሰው እርምጃ ነው በአንተ?»

አላጠፋም። ጻፈችው። በሁለተኛው ሳምንት ልጅ የያዘች ዶልፊን ፊት ለፊት ዋናተኞች አወረደ። ጻፈችው። ወደ ባሕር ዳር ሲመለሱ፣ ስሙን መጻፍ እንዳይሰለቻት እንደሚፈራ ነገራት። አጭር ስም ስለሆነ ቀለም አይጨርስም አለችው።

ሁለት ሆነ። ምዜ ፓንዱ ካሳቫ በኮኮናት ፊታቸው በቀረበ ቁጥር፣ ሦስተኛውን መቼ ነው የምታመጪልኝ ይሏት ጀመር። ሦስተኛው ከተጻፈ ቩዋይ ፔምባ ደሴት አጎቱ ዘንድ መረብ ሊጎትት እንደሚሄድ ለሁሉም ተናግሯል። ፔምባ የሄደ የእኛ ልጅ እዚያው አግብቶ ይቀራል። ይህን ቢ ኪዳዋ ታውቃለች፤ ለዚህም ነው ዙወናን በስሟ ጠርታት የማታውቀው። «ያቺ እስክሪብቶ የያዘችው» ነው የምትላት።

እኔ የውሃ መነጽር አከራያለሁ። ሰው መነጽሩን ሲመልስ ያየውን ይናገራል፤ ያላየውን ደግሞ አብልጦ ይናገራል። በወሩ አጋማሽ ከቩዋይ ጀልባ የወረዱ አራት እንግዶች እያማረሩ መጡ። ካፒቴኑ ዓሣ ነባሪ ከነልጇ አግኝቶ፣ ታዛቢዋ አፏን ሳትከፍት፣ ከሁለት መቶ እርምጃ ላይ ሞተሩን አጥፍቶ አልጠጋም አለ። ለምኑት፣ ተቆጡት፤ እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ቀሪውን ከዙወና የሰማችው ባለቤቴ ናት፤ እኔ ከባለቤቴ።

እንግዶቹ ሲጮኹበት ቩዋይ ወደ ዙወና ዞሮ ነበር የተናገረው። «ወልዳ አርባ ቀን ያልሞላት ሴት ቤት ሳይጠሩት የሚገባ ማነው? ታጠባለች እኮ።»

ዙወና አየችው። እሱም እንደታየ አወቀና ባሕሩን ማየት ጀመረ። እናቲቱ ተነፈሰች፤ ከእሷ አጠገብ ትንሿ ተነፈሰች፤ ከዚያ ምንም አልነበረም፤ ውሃ ብቻ ነበር የሚሰማው። ረዥም ጊዜ እንዲህ ቆዩ። ሲመለሱ ምን እንደጻፈች ጠየቃት። ደብተሩን ገልጣ ባዶውን ገጽ አሳየችው። ስሙ የሌለበት የመጀመሪያው ገጽ ነው አለ፤ እስኪ አንዴ ልየው ብሎ ተቀብሏት፣ ባዶውን ወረቀት ደብዳቤ እንደሚያነብ ሰው ከላይ እስከ ታች ተመለከተው።

ከዚያ ቀን በኋላ ስድባቸው ተለወጠ። ረዘመ። ሰው እውነት ሲጠላ በአጭሩ ነው የሚናገረው፤ እነዚህ ግን ከጀልባው ወርደው መነጽሮቼ አጠገብ ቆመው ሩብ ሰዓት ይሰዳደቡ ጀመር። ጀልባህ ከአንተ በላይ ትሰማለች፣ ትለዋለች። ደብተርሽ ከአንቺ በላይ ዝም ማለት ያውቃል፣ ይላታል። መንደሩ በጣም ተደሰተ። ምዜ ፓንዱ ልጃቸው የቤቱን ክብር እንደጠበቀች ቆጠሩት፤ ቢ ኪዳዋም ልጇ አልተሸነፈም ብላ ዱባ አብስላ ጎረቤት አበላች። እኔ መነጽር እያጠብኩ እሰማቸው ነበር። ያጠብኩትን መነጽር ደግሜ ማጠቤን ግን ማንም አላስተዋለም።

አሁን ስለ ካፒቴኖቻችን አንድ ነገር መናገር አለብኝ። ዶልፊን ያገኘ ካፒቴን ሌሎቹ እንዳይመጡበት ሞተሩን ያጠፋና ከውሃው ያነሳዋል፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ የተበላሸ ያስመስላል። ሁሉም ያደርገዋል፤ ስለዚህ ሁሉም ያውቀዋል። ስለዚህም ባሕር ላይ የቆመ ጀልባ በታየ ቁጥር ሁሉም ወደዚያ ይሮጣል። አምና የአንዱ ሞተር የእውነት ተበላሽቶ ሸሚዙን አውልቆ እርዱኝ እያለ ሲያውለበልብ አሥራ አንድ ጀልባ ከበበው። ገመድ የወረወረለት አልነበረም። ሁሉም ውሃ ውሃውን ነበር የሚያየው።

በነሐሴ ማብቂያ፣ ከደቡብ የሚነፍሰው የኩሲ ነፋስ በበረታበት ጠዋት፣ ምዜ ፓንዱ እኔን ከነመነጽሮቼ ጀልባቸው ላይ ጫኑኝ። ፊታቸው ጥሩ አልነበረም። ባሕር ዳር ላይ ዙወናን ጠርተው በዝግታ ሲያናግሯት አየሁ፤ እሷ መሬት መሬት ታያለች። የተናገሯትን ኋላ ነው ያወቅሁት። ዛሬ አጠፋም አላጠፋም የዚህን ልጅ ስም ጽፈሽ አምጪ፤ ካልሆነ ደብተሩን ነገ ለአጎትሽ ልጅ እሰጠዋለሁ፣ እሱ ይጽፈዋል ነበር ያሏት። የአጎቷ ልጅ ታዛዥ ነው።

በዚያ ጠዋት ማንም ዶልፊን አላየም። ከደቡብ እስከ ምዕራብ ዞርን። እንግዶቹ በረዳቸው። ካፒቴኖቹ በየጀልባው እየተሳደቡ፣ አንዱ የሌላውን ሞተር ድምፅ ዶልፊን አባረረ እያለ ሲወቅስ ቆየ።

ኋላ ባለቤቴ እንደነገረችኝ፣ ቩዋይ ከድንጋያማው ጫፍ ጀርባ፣ ነፋስ በማይደርስበት ቦታ ነበር። የጫናቸው ሁለት ሽማግሌ እንግዶች የማቅለሽለሽ ኪኒን ውጠው ተኝተውበታል። ዙወና ሞተሩን አጥፋ አለችው። ለምን ብሎ አልጠየቀም። አጠፋው፤ ድንጋይ እንዳይነካው ብሎ ከውሃው አነሳው፤ ከዚያ የአባቷን ቃል ነገረችው።

«እንግዲያው ጻፊኝ» አለ። «ሌላ ሰው ከሚጽፈኝ አንቺ ጻፊኝ።»

«ያላደረግከውን?»

«ያደረግኩትን ስትጽፊ ቅር አላለኝም ነበር።»

«ፔምባ ስትሄድስ?»

«እዚያ ማን ይሰድበኛል? እሱን ነው የማስበው።»

«ብዙ ሰው ይኖራል።»

«እንደ አንቺ?»

ሽማግሌ ልልክ ነው አላት። ማንን ትልካለህ አለችው፤ ከቤትህ ለአባቴ ሰላም የሚል ሰው አለ እንዴ። ይህን ሲሰማ ቩዋይ ጎንበስ ብሎ ያልተበላሸውን ሞተር መነካካት ጀመረ።

እኛ ከሩቅ ያየነው ይህንን ነው። ሞተሩ የተነሳ ጀልባ። ጎንበስ ያለ ካፒቴን።

አንዱ ካፒቴን በፉጨት ሌላውን ጠራ፤ ከዚያ መጥራት አላስፈለገም። እኔ ጀልባው ጠርዝ ላይ ነበርኩ፤ ድንገት ወደ ኋላ ወደቅሁ። ምዜ ፓንዱ ሞተሩን እስከ መጨረሻው ከፍተውት ነበር። እንዲህ ያለ ኃይል እንዳለው አላውቅም ነበር፤ እሳቸው ግን የሚያውቁት ይመስላሉ። አምስት ጀልባ ቀደሙ። ወጣቶቹ ሁሉ ከኋላችን ቀሩ። እንግዳው መነጽር መነጽር ይላል፤ እኔ መነጽሮቼን ከእግሬ ሥር እለቅማለሁ፤ ስምንት ጀልባ በአንድ ጊዜ በድንጋዩ ጫፍ ታጥፎ ቩዋይን ከበበው። ምዜ ፓንዱ ሊነኩት ምንም አልቀራቸውም ነበር፤ አሥራ አምስት እርምጃ ብል ለሳቸው አድልቼ ነው።

ሞተሮቹ አንድ በአንድ ጠፉ። ሁሉም ውሃውን ያያል። ውሃው ላይ ምንም የለም።

ቀጥሎ ሰው ጀልባውን አየ። ዙወና የቩዋይን ቢጫ የዝናብ ጃኬት ለብሳለች። የጀልባው ስም በጀርባው ላይ በትልቁ ተጽፎበታል፤ መንደሩ ሁሉ ያውቀዋል።

«የት ናቸው?» አሉ ምዜ ፓንዱ።

«እነማን?» አለ ቩዋይ። ከዚያ ቤት ለምዜ ፓንዱ በአሥራ አንድ ዓመት የተነገረ የመጀመሪያ ቃል ይህ ነበር።

«ዶልፊኖቹ ናቸዋ።»

«አላየንም።»

«ታዲያ ሞተርህን ለምን አጠፋህ?»

ካፒቴን ሞተር የሚያጠፋበት ምክንያት በእኛ ሥራ ሁለት ነው፤ አንደኛው ዶልፊን ነው፣ ሁለተኛው ብልሽት ነው። ሦስተኛ ሲፈጠር ያየነው ያን ቀን ነው።

ዙወና ተነሥታ ቆመች። ደብተሯን ገለጠች፣ ጀልባዎቹን በጣቷ ቆጠረች፣ ወደ ቀረበው ጀልባ ዞረች። በሥልጠናው ላይ እንዳስተማሯት በትሕትና ጠየቀች።

«የካፒቴኑ ስም?»

ምዜ ፓንዱ ልጃቸውን ለብዙ ጊዜ አዩአት። «ፓንዱ ሃጂ ምቻ» አሉ። እሷም ጻፈች። ቀጥላ ሰባቱን ጠየቀች፤ ሰባቱም ተራ በተራ ተናገሩ። አንዱ ዶልፊን በሌለበት ጥፋት የለም ሊል ጀምሮ፣ ምዜ ፓንዱ ቀና ሲሉበት ስሙን ከነአያቱ ሰጠ።

«የእሱስ?» አሉ ምዜ ፓንዱ፣ ወደ ቩዋይ በአገጫቸው እያመለከቱ።

«እሱ ቆሞ ነበር፣ ባባ» አለች። «አልጻፈውም። ነገም ሌላ ሰው ቢጽፈው፣ ይቺን ገጽ ለማኅበሩ አነባለሁ።»

ማንም አልሳቀም። ነፋሱ በድንጋዩ ዞሮ መጣና ክፍቱን ጃኬት አውለበለበው። ምዜ ፓንዱ አባት በነፋስ ጊዜ የሚለውን አሉ።

«ዝጊው። ብርድ ነው።»

ደብተሩን በብብቷ ይዛ ዚፑን ሳበችው። አልሄደም። የዚያ ጃኬት ዚፕ ከታች ጨርቅ ይነክሳል፤ ቢ ኪዳዋ እንኳን ተስፋ ቆርጣ ትታዋለች።

ቩዋይ ዓይኑ ምዜ ፓንዱ ላይ እንደተተከለ ነበር። እጁ ብቻውን ሄደ። የጃኬቱን ጫፍ ወደ ታች ወጠረ፣ የተነከሰውን ጨርቅ በአውራ ጣቱ ገፋ፣ ዚፑን እስከ ላይ ሳበው። ሳያይ ነበር ያደረገው፤ በየማለዳው ሲያደርገው የከረመ ሰው እንደሚያደርገው። እሷም እጁ ከመድረሱ በፊት አገጯን ቀና አድርጋለት ነበር።

ሞተር ሁሉ ጠፍቶ ስለነበር፣ የዚፑ ድምፅ በስምንቱም ጀልባ ላይ ተሰማ።