ታንኩ ሲግል

የፒካፗ ቁልፍ ለሩሚሳ ሲሰጥ በዑለያ ሰፈር ባለው የኩባንያው ግቢ የተሰበሰበው ሁሉ አጨበጨበ። ፈድሉ ብቻ እጁን ከኪሱ አላወጣም። ሁለቱም ሪያድ ውስጥ ያደጉ የሐበሻ ልጆች፣ የአንድ ኩባንያ መሐንዲሶች ናቸው። በሃይድሮጅን የምትሄደውን፣ ከጭስ ይልቅ ውሃ የምታንጠባጥበውን ፒካፕ አብረው ሠርተዋታል። ጋዙን የሚይዘው ታንክ ግን የእሱ ልፋት ነበር። ዛሬ በረሃውን አቋርጣ ስትመለስ የሚወደሰው ሹፌሯ ነው።

«ያላ ፈድሉ፣ እንሂድ፤ ግባ» አለችው ሩሚሳ።

ገብቶ በሩን በኃይል ዘጋው።

የተፎካካሪው ኩባንያ ሹፌር ሻሚ በራሱ የሃይድሮጅን መኪና ቀድሟቸው ወጥቷል። መንገዱ ወደ ዳህና ይወስዳል፤ ከስሙ በቀር ደህና ነገር ወደሌለው ቀይ የአሸዋ ባሕር። ከበረሃው ማዶ በተጎታች ላይ የተጫነ የሃይድሮጅን መሙያ አለ። እዚያ ሞልቶ ቀድሞ ዑለያ የተመለሰ ኩባንያ፣ በሃይድሮጅን የሚሄዱ የከተማ አውቶቡሶችን የመሥራት ውል ይወስዳል።

አስፋልቱ ሲያልቅ ነፋሱ ተነሳ። አሸዋው ፀሐይዋን ውጦ መስታወቱን ይገርፍ ጀመር። አንዱን የአሸዋ ክምር በሰያፍ ሲወጡ የኋላ ጎማዎቹ ሰጠሙ። ሩሚሳ ጎማዎቹን አስተነፈሰች፤ ፈድሉ በአካፋ ቆፈረ፣ ገፋ፣ ወደቀ፣ እንደገና ገፋ። ወጡ። አፉ አሸዋ ሞልቶት እንኳ አነዳዷ እንከን የሌለው መሆኑ አንገበገበው።

ነፋሱ ረገብ ሲል ከክምሩ ጀርባ የግመል መንጋ ተዘረገፈባቸው። ሩሚሳ መሪውን ጠመዘዘች፤ ፒካፗ በጎኗ ተንሸራታ ከአንድ ግዙፍ ግመል እግር ሥር ቆመች። ግመሉ የፊት መብራቱን በእርግጫ ሰብሮ መንገዱን ቀጠለ።

«ተረፍን» አለች፣ መሪውን እያቃናች።

«አልሐምዱሊላህ» አለ ፈድሉ። እሱ ቢሆን እንደማይችል ያውቃል። ይህን ማወቁ ከሁሉ የባሰ አመመው።

መሙያው ጋ ሲደርሱ ነዳጃቸው ሊያልቅ ጥቂት ቀርቶት ነበር። ሻሚ ሞልቶ እየወጣ ነው። «ኸላስ እህቴ፣ አለቀ፤ ዑለያ እንገናኝ» ብሏት ሳቀ።

የመሙያው ሠራተኛ ባንቴ ራሱን ነቀነቀ። «ማቀዝቀዣው በዚህ ሙቀት ደክሟል። ትንሽ ይረፍ።»

ሃይድሮጅን ቶሎ ሲሞላ ታንኩን ያግለዋል፤ ግለቱ ከልኩ ካለፈ ታንኩ ይበላሻል፣ ሊፈነዳም ይችላል፤ ጋዙ አስቀድሞ የሚቀዘቅዘውም ለዚሁ ነው። ሩሚሳ ግን የሻሚን አቧራ ነበር የምታየው። «ጀምረው ወንድሜ። ፈድሉ ሙቀቱን ይከታተላል።»

ፈድሉ የታንኩን ሙቀት በሚያሳየው ኮምፒውተር ላይ አፈጠጠ። ቁጥሩ ወጣ። አሁንም ወጣ። ማቆም የሚገባበትን ልክ ሲነካ አፉን ከፈተ፤ መልሶም ዘጋው። ይበላሽባት። ያጨበጨቡላት ሁሉ ደግሞ ውርደቷን ይዩላት።

ቀና ሲል ሩሚሳ ፊቷን ወደ ታንኩ አስጠግታ የቱቦውን መግጠሚያ እየፈተሸች ነበር። ዘሎ የማቆሚያውን ቀይ ቁልፍ መታ፤ ክንዷን ይዞም ወደ ኋላ ጎተታት።

ሩሚሳ ኮምፒውተሩን አየች፤ ከዚያም እሱን።

«ቀድመህ አይተኸዋል።»

«አይቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልክ?»

«ቀንቼብሽ ነው።»

ክንዷን ከእጁ አስለቀቀች። ታንኩ እስኪበርድ በተጎታቹ ጥላ ሥር ተራርቀው ተቀመጡ። ከዚያ እሷ ቱቦውን፣ እሱ ቁጥሩን ይዘው፣ እያሳረፉ ቀስ ብለው ሞሉ። እሱ ቁጥሩን ድምፁን ከፍ አድርጎ ይጠራ ነበር፤ አንድም አላሳለፈም።

ዑለያ ሲገቡ ቀድሞ የደረሰውን ሻሚን ሰዎች ከበውታል። ሥራ አስኪያጃቸው ሩሚሳን «ምን አዘገያችሁ?» አላት።

«ማቀዝቀዣው…» ብላ ጀመረች።

«እኔ ነኝ» አለ ፈድሉ። «ታንኩ ሲግል እያየሁ ዝም አልኩ። ጥቂት ብቆይ ኖሮ ትሞትብኝ ነበር።»

ሥራ አስኪያጁ ነገ ቢሮ እንዲመጣ ነግሮት ፊቱን አዞረ። ሩሚሳ አንዲት ቃል አልተከራከረችለትም። ወደ ፒካፗ ሄዳ ሞተሩን አስነሳች። ወደ ዎርክሾፑ ልትመልሳት ነው።

ፈድሉ በእግሩ ሊሄድ ዞረ። ሩሚሳ ከውስጥ የጎኑን በር ከፈተችው።

«ያ ታንክ ዛሬውኑ ይፈተሻል» አለችው። «ካንተ በቀር የሚያውቀው የለም። ግባ።»