የሳሎኑ ውኃ

ይህ በራሴ ላይ የደረሰ ነው። ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው፤ እኔ ግን ዛሬም ውኃ ከመጠጣቴ በፊት ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስቼ አያለሁ።

ቅዳሜ ነበር፤ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ በጠራራ ፀሐይ። ቦታው ከሌጎስ ወጣ ብላ በኢባዳን መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። ስሟን አልጠራም። እዚያ ቤት የገዙ ዘመዶች ስላሉኝ ቤታቸውን ላስጠላባቸው አልፈልግም።

ሮንኬ እባላለሁ። ያኔ እርጉዝ ነበርኩ፤ ሆዴም ገፍቶ ነበር።

ከባለቤቴ ከዲሜጂ ጋር ሌጎስ ውስጥ በአንዲት ክፍል ነበር የምንኖረው። ሽንት ቤቱን ከግቢው ሰው ሁሉ ጋር እንጋራለን። አንድ ቀን ጠዋት እዚያ ገብቼ ያየሁትን አልነግራችሁም... ብቻ ልጄን እዚህ አልወልድም ብዬ ማልኩ።

ሌጎስ ውስጥ ቤት መግዛት ለእኛ የማይታሰብ ነው። ስለዚህ እሑድ እሑድ በዙሪያዋ ያሉትን ከተሞች መዞር ጀመርን። አንዱ ሰፈር ዝናብ ሲጥል በጀልባ የሚገባበት ነው። ሌላው ጋ ደግሞ ለአንድ ቤት ሁለት ባለቤት መጥቶ ፊታችን ተደባደበ።

ይቺኛዋ ግን ደስ ትላለች። አስፋልቱ ቅርብ ነው፤ ዋጋውም አቅማችን የሚችለው።

እኛ ጋ አባወራ ሲሞት በገዛ ቤቱ ይቀበራል። አሮጌ ቤት የሚገዛ ሰው ስለ ጣሪያው ከመጠየቁ በፊት ይህን ይጠይቃል።

"እዚህ ማን አለ?" አልኩት ሻጩን።

ፋታይ ይባላል፤ የሟቹ የበኩር ልጅ ነው። ከፊቱ ሳቅ አይጠፋም።

"አባባ ሳሎን ውስጥ ነበሩ" አለ ሳይደብቅ። "አውጥተን ወደ ዘመድ መሬት ወስደናቸዋል። በሬ ታርዶ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ። አሁን ማንም የለም፣ እህቴ።"

ጎረቤቶቹም መሰከሩለት።

"አሁኑኑ ግዙ አልልም" አለ ቁልፉን ለዲሜጂ እየሰጠው። "ትንሽ ቀን ኑሩበት። መንገዱ ለሥራችሁ ከተመቸ ያኔ እንነጋገራለን።"

ደስ አለኝ። ሞኝ!

ዲሜጂ ሳይነጋ ወጥቶ ሚኒባስ ይይዛል፤ ሲመሽ መንገዱ አድቅቆት ይመለሳል። እንደገባ በቀጥታ ወደ ወጥ ቤቱ ቧንቧ ነው።

"ይሄ ውኃ... ይጣፍጣል" ይላል።

እውነቱን ነው፤ ይጣፍጥ ነበር። እስከዛሬ የሚዘገንነኝ እሱ ነው።

ሳሙናው ግን አረፋ አይሰጥም። ሻይ ስጥድ ከላዩ ስስ ቆዳ ይሠራል፤ በማንኪያ ሳነሳው ይለጠጣል። ልብስ አጥቤ ስጨርስ ጣቶቼ እርስ በርስ ይንሸራተታሉ። ገላዬን ታጥቤ ስወጣ ከበፊቱ ይበልጥ የቆሸሽኩ ይመስለኛል።

"ያቅለሸልሸኛል" አልኩት።

"አንቺን ምን የማያቅለሸልሽሽ አለ? ባለፈው ያስጠላሽ የኔ ሸሚዝ ነበር።"

ሳቅሁ። እሱ ግን በጠርሙስ ሞልቶ ወደ ሥራ ይዞ መሄድ ጀመረ። የመሥሪያ ቤቱ ውኃ አልዋጥ ብሎታል።

ያን ቅዳሜ በራፋችን ላይ አካራ፣ ያንን የአደንጓሬ ሊጥ፣ በዘይት ጠብሳ ከምትሸጠው ከሲኪሩ እናት ልገዛ ወጣሁ።

"ውኃ ከየት ነው የምትቀጂው፣ ልጄ?" አለችኝ ዘይቱን እያማሰለች።

"ከቧንቧ።"

"የምን ቧንቧ? እዚህ ሰፈር ቧንቧ አልገባም። ሁላችንም የጉድጓድ ነን።"

"እኛ ግቢ ጉድጓድ የለም" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ።

"እኮ" አለች።

ተመልሼ ገባሁ። ዲሜጂ ገላውን እየታጠበ ነበር። ውኃውን የሚገፋው ፓምፕ ይሰማል... ድምፁ የሚመጣው ከሳሎኑ ወለል ሥር ነው።

ምንጣፉን ገለጥኩት። የብረት ክዳን አለ።

ዲሜጂን ጠራሁት። ፎጣ አገልድሞ መጣና ክዳኑን አነሳው።

ውኃ። እስከ አፉ ሞልቷል። ግድግዳው ነጭ ሴራሚክ፣ ዳር ዳሩ ሰማያዊ አበባ። ጠባብ ነው፤ ረዘም ይላል። በአንዱ ጫፍ ከታች ከፍ ያለ ነገር ተሠርቷል፤ መሐሉ ጎድጎድ ብሏል።

"ትራስ ነው" አልኩ በሹክሹክታ።

"ዝም በይ።"

"ዲሜጂ... ትራስ ነው።"

እዚያው ምንጣፉ ላይ አስመለስኩ። የወጣውም ያው ውኃ ነበር።

ስንደውልለት ፋታይ በሞተር መጣ። አላፈረም።

"እና ምን ችግር አለው? አባባ በሕይወት እያሉ ራሳቸው መርጠው ያሠሩት መቃብር ነው። በበረኪና አስፈትገነዋል። የጣሪያ ውኃ ይገባበታል፤ ሲጎድል ቦቴ ይሞላዋል። ይሄን የመሰለ ሴራሚክ በአፈር ይደፈን?"

"አንተ ትጠጣዋለህ?"

"እኔማ የምኖረው ሌጎስ ነው።"

"አባትህን አጠጣኸኝ።"

"አባባ እዚያ የሉም፣ እህቴ። በእጄ ነው ያወጣኋቸው።"

ዲሜጂ ወደ ጆሮዬ ተጠጋ።

"ሮንኬ... ይደፈናል። እንዲህ ያለ ቤት ከየት እናመጣለን? ወደዚያች ክፍል እንመለስ?"

ያቺ ክፍል ታየችኝ። ሽንት ቤቷ ታየኝ።

"ውኃው ይውጣ" አልኩ። "በዓይኔ ልየው። ንጹሕ ከሆነ በአፈር ይደፈንና ቤቱን እንወስዳለን። አንዲት ነገር ካየሁ ግን ዛሬውኑ እንሄዳለን።"

ፓምፑ ውኃውን ወደ ግቢ ይተፋው ጀመር። የሰፈሩ ውሾች ተሰብስበው መሬቱን ይልሱታል። የሲኪሩ እናት ነጠላ ጫማዋን አንስታ ሸሸች። ዲሜጂ ግን በመስኮቱ የሚፈሰውን እያየ ምራቁን ይውጥ ነበር።

የቀረውን ፋታይ በባልዲ ጨለፈው።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ምንም የለም። አጥንት የለ፣ ፀጉር የለ።

"አላልኩም?" አለ ፋታይ ላቡን እየጠረገ።

ሳቄ መጣ። ይህን ቤት ምን ያህል እንደምፈልገው ያወቅሁት ያኔ ነው። የሕፃኑ አልጋ የት እንደሚሆን እንኳ በልቤ መርጬ ነበር።

"ቆይ" አለ ዲሜጂ። የስልኩን መብራት አበራ።

ወለሉ እርጥብ ነው፤ ያብለጨልጫል። መሐሉ ግን ደረቅ ነው... እንደ ጠመኔ ደረቅ። ከትራሱ ይጀምራል። ጭንቅላት... ትከሻ... ጎን ለጎን የተዘረጉ እግሮች።

ሳምንቱን ሙሉ ውኃ የተኛበት ቦታ ነው።

ፋታይ ባልዲውን አስቀመጠ። አሁን አይስቅም።

"መብራቱን ወደ ደረቱ አምጣው" አልኩ።

ክንዱ በታጠፈበት፣ ብብቱ ሥር፣ ሌላ ደረቅ ቦታ አለ። ትንሽ ነው፤ ጥቅልል ብሏል።

"አባትህ ከሕፃን ጋር ነው የተቀበሩት?"

"ብቻቸውን ነበሩ" አለ ፋታይ። "ወላሂ ብቻቸውን ነበሩ።"

እጄን ሆዴ ላይ አደረግሁ።

ትንሹ ቅርጽ ገና ተሠርቶ አላለቀም ነበር። ዓይኔ እያየ ውኃው ጠብታ በጠብታ ከሴራሚኩ ላይ ይሸሽ ነበር... እግሮቹ እየወጡ ነበር።