በማግስቱ የሚጠቁር ጠብታ

የጥርስ ሐኪሙ ፍቃዱ ሓወልቲ ሰፈር ባለው ክሊኒኩ መግቢያ በር ሥር ጭንቅላቱ ተፈንክቶ ሞቶ በተገኘ ማግስት፣ ሁሪያ ልጇን ይዛ ከፖሊስ ምርመራ ቢሮው ደፍ ላይ አልነሣም አለች። ባሏ ኢስሃቅ በግድያው ተጠርጥሮ ታስሯል።

«ወላሂ ባሌ ሰው አይገድልም! ዛሬ ፍርድ ቤት ሊያቀርቡት ነው፤ እኔና ልጄ በሰው አገር ምን ልንሆን ነው?»

«ሓፍተይ፣ ተነሺ እህቴ» አለች ኢንስፔክተር ለተመድህን። «ዶክተሩን ‹እገድልሃለሁ› ብሎታል?»

«ብሏል። ዶክተሩ የልጄን የጁዋይሪያን ጥርስ ሳይቦረቡር መድኃኒት በብሩሽ ቀባላት፤ ሲነጋ ከሰል! ‹ማን ያገባታል?› ብሎ ጮኸበት። ገና ስድስት ዓመቷ ነው እኮ!»

ጁዋይሪያ አፏን በእጇ ሸፍናለች። እንዳትስቅ አባቷ አዟታል።

ለተመድህን ከንፈሯን ገለጥ አድርጋ ጥቁር ጥርሷን አሳየቻቸው። «እኔንም ያከመኝ እሱ ነው። መድኃኒቱ የተበላውን ያደርቀዋል፤ ሲያደርቀው ያጠቁረዋል። አንድ ጠብታ አገጬ ላይ አምልጦት፣ በማግስቱ ጣቢያው ሁሉ ‹ፂም አበቀለች› ሲለኝ ዋለ።»

ድንገት አገጯን ዳሰሰች። ከዚያ ቁልፏን አነሣች። «ኢስሃቅን ወደ ክሊኒኩ አምጡልኝ።»

ክሊኒኩ ውስጥ የፍቃዱ ረዳት ትህትና እና ባልደረባው ዶክተር ረታ ጠበቋት።

«የመድኃኒቱ ጠርሙስ የት አለ?»

«ጠፍቷል» አለች ትህትና። «በሞተበት ዕለት ወደ ቤቴ ስሄድ ዶክተር ፍቃዱ ይዞት ነበር። ‹ረታን አንዴ ላሳየው› ብሎኝ ነበር።»

«ለእኔ ምንም አላሳየኝም» አለ ረታ፣ ጓንት ያጠለቀ እጁን እያወናጨፈ። «የብሩሽ ሕክምና የሰነፍ ሕክምና ነው። ስለ መድኃኒቱ ወደተሰጠው ሥልጠናም አልሄድኩም።»

ለተመድህን የረታን ክፍል ከፈተች። ትናንት ስታየው ያብረቀርቅ የነበረው ነጭ ወለል ላይ፣ ከመቦርቦሪያው ማሽን ሥር፣ በጨርቅ የተወለወለ የመሰለ ሰፊ ጥቁር ምልክት ወጥቷል።

ኢስሃቅ በካቴና፣ ሁሪያና ጁዋይሪያም ተከትለውት ሲገቡ ሌሎቹ እዚያው ቆመው ነበር።

«መድኃኒቱ ሲፈስ ውሃ ይመስላል» አለች ለተመድህን። «ብርሃን ሲያገኝ ነው የሚጠቁረው። ስለዚህ ጠርሙሱ የተሰበረው እዚህ ነው፤ ፍቃዱም የወደቀው እዚህ። ከውጭ የመጣ ሰው የገደለው እንዲመስል ነው በር ሥር የተጎተተው። ወለሉን የወለወለው ደግሞ በባዶ እጁ ነው፤ ቆዳም እንደሚያጠቁር የሚያውቅ ሰው ጓንት ያደርጋል። ኢስሃቅ፣ እጅህን።»

ንጹሕ።

«ትህትና።»

ንጹሕ።

«ዶክተር፣ ታካሚ የለም። ጓንቱን ያውልቁ።»

ረታ አላወለቀም። ለተመድህን ራሷ ሳበችው። ጣቶቹ እስከ አንጓቸው ጠቁረዋል።

«የተበላ ጥርስ ብቻ የሚያጠቁር መስሎኝ...» አለ። «ሕመምተኛው ሁሉ ወደ እሱ ሄደ። ‹ማሽኑን እናውጣው› አለኝ። ገፋሁት፤ የማሽኑ ጫፍ ጭንቅላቱን መታው።»

«እሱን በንዴት ነው የገፋኸው» አለች፣ አንቱታውን ትታ። «ይሄን ሰው ግን ያሳሰርከው አስበህበት ነው።»

«የሥልጠናው የመጀመሪያ ትምህርት ጓንት ማድረግ ነበር» አለች ትህትና፣ እያለቀሰች።

ካቴናው ከኢስሃቅ እጅ ተፈታ። ልጁ ጁዋይሪያ ፊት ተንበረከከ። አሁንም አፏን ሸፍናለች።

«እጅሽን አንሺው፣ እናቴ። አባትሽ ነው እኮ የሚልሽ፤ አንሺው።»

አላነሣችም።