ገመዱ ዝም ያለበት ጠዋት

ሟቹ የተገኘው ከቁልቁለቱ ግርጌ፣ በገዛ ቫን መኪናው አፍንጫና በድንጋዩ ግንብ መካከል ተጣብቆ ነው። ዴልበርት ሆስኪንስ ይባላል። ከነብራስካ ሜዳ ተነሥቶ፣ ሚስቱን ሎርናን፣ ልጁን ቴስንና የሚስቱን ወንድም ዌንደልን ይዞ አገር እያየ ሳን ፍራንሲስኮ ደርሷል። ጀርባውን ለዳገቱ ሰጥቶ ባሕሩን ፎቶ ሲያነሣ ነበር ቫኑ የመጣበት።

መርማሪ ኖሪን ታም አንድ ቦታ መቆም አይሆንላትም። ዳገቱን ወጣች፣ ወረደች፣ ደግሞ ወጣች። ተወልዳ ያደገችበት ከተማ ዛሬ አንድ ነገር ጎድሎታል፤ ምን እንደሆነ ግን አልያዝ አላት።

«አለቃ፣ ኧረ ትንሽ እረፊ!» አላት ትራፊክ ፖሊሱ ሩዊዝ። «ሜዳ የለመደ ሰው የእጅ ፍሬን ረሳ፤ መኪናው ተንከባለለ፤ አለቀ።»

«ያለቀው ለሱ ነው። ለኔ ገና ነው።»

ሎርና ደረጃ ላይ ተቀምጣ የከተማውን ካርታ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች።

«በኔቫዳ ግዛት ካለፍን ወዲህ እንቅልፍ አልነበረውም» አለች። «ዛሬ ጠዋት ድልድዩን እንይ ስንለው፣ የዳቦ ቤቷን ሴትዮ ፖሊስ ጣቢያ በየት ነው ብሎ ይጠይቃል! ምን ሆነህ ነው ብለው፣ ‹ከሰዓት እነግርሻለሁ› አለኝ።»

«ሲጠይቅ ማን ሰማው?»

«ሁላችንም ነበርን። ከዚያ እኔና ቴስ ጠመዝማዛውን የአበባ መንገድ ልናይ ሄድን።»

ዌንደል ወዲያ ወዲህ ይንቆራጠጣል። «መቼ ነው የምትለቁን? እህቴን ከዚህ ላርቃት እንጂ!»

«አንተ የት ነበርክ?»

«በገመድ የሚሳበው ባቡር ላይ ነዋ! ውጭ ተንጠልጥዬ እስከ ወደቡ ወረድኩ። እንደ ልጅ ስስቅ፣ እሱ እዚህ…» ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነ።

ታም እስከ መስቀለኛው መንገድ ወጣችና በባቡሩ ሐዲድ መሐል ወዳለው ስንጥቅ ጎንበስ አለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ከአስፋልቱ ሥር ሲያጉረመርም የምታውቀው፣ ባቡሩን የሚስበው የብረት ገመድ ጭጭ ብሏል። የጎደለው እሱ ነበር።

«ሩዊዝ፣ ገመዱ መቼ ቆመ?»

«ከማለዳ ጀምሮ ተበላሽቷል። ሰዉን የሚያመላልሰው አውቶቡስ ነው።»

ወደ ቫኑ ተመለሰች። የፊት ጎማው ጎን ሲሚንቶ ፍቆታል። ቫኑ ቆሞበት በነበረው ቦታ ደግሞ የእግረኛው መንገድ ጠርዝ ላይ ትኩስ የጎማ ጥቁረት አለ። የግራው የፊት መብራት በዕድሜ ብዛት ቢጫ ሆኗል፤ የቀኙ እንደ መስተዋት ያበራል።

«ይሄን መቼ ቀየራችሁት?» አለቻት ቴስን።

«ኔቫዳ። እኔና እማዬ ከኋላ ተኝተን፣ አጎቴ ሲነዳ አጋዘን መታ። አባዬ አጠገቡ ነበር።»

ታም ሦስቱንም ቫኑ አጠገብ ሰበሰበቻቸው።

«ዴልበርት ፍሬኑን ረሳ ተብሏል» አለች። «ቢረሳም መኪናው ንቅንቅ አይልም ነበር። የፊት ጎማውን እኛ ቁልቁለት ላይ እንደምናደርገው ወደ ጠርዙ አዙሮ አስደግፎታል፤ ጠርዙም ጎማውም ይመሰክራሉ። ያለ ቁልፍ ደግሞ መሪው አይዞርም። አንድ ሰው ሞተር አስነሣ፣ ወደ ኋላ አለ፣ ጎማውን አቀና፣ ፍሬኑን ለቆ ከመኪናው ወረደ። ቁልፉ ስንት ነው?»

«ሁለት» አለች ሎርና ቀስ ብላ። «አንዱ ዴልበርት ኪስ ነው። አንዱ… እየተቀያየሩ ነው የሚነዱት።» ወንድሟን አየችው።

«እኔ ባቡር ላይ ነበርኩ አልኩ እኮ!» ጮኸ ዌንደል።

«ገመዱ ከማለዳ ጀምሮ ቆሟል። ዛሬ አንድም ባቡር አልወጣም። ዌንደል፣ ለአጋዘን ብሎ ፖሊስ ጣቢያ የሚፈልግ ሰው የለም።»

ዌንደል ጠርዙ ላይ ዘጭ አለ።

«ሰው ነበር» አለ። «ብስክሌት የያዘ። አልቆምኩም። ዴልበርት ‹እንመለስ› አለኝ፤ ለመንኩት። በየከተማው ቁጭ ብዬ እጠብቀው ነበር፣ ዛሬ ይናገራል፣ ነገ ይናገራል እያልኩ። ዛሬ ሊናገር ቆረጠ። እስር ቤት ልበሰብስ ነው?»

ታም ዘወር ብላ ለኔቫዳ ፖሊስ ደወለች። ብዙ አዳመጠች፣ ትንሽ ተናገረች፤ ስትመለስ ፊቷ ተለውጧል።

«ሰውዬው አልሞተም» አለች። «እግሩ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝቷል። የጭነት መኪና ሹፌር አንሥቶት ነው።»

ሩዊዝ የዌንደልን ክንድ ይዞ አስነሣው። በእህቱ ፊት ሲያልፍ ቀና ብሎ ሊያያት ሞከረ። ሎርና ፊቷን አዞረች።

«ወይዘሮ ሆስኪንስ፣ ማረፊያ እንፈልግልዎት?» አለች ታም።

«ማረፊያ አልፈልግም» አለች ሎርና፤ የልጇን እጅ ጨበጠች። «የአውቶቡስ ጣቢያውን አሳዪኝ። ባሌ ሊመለስ የፈለገው ኔቫዳ፣ ያ ሰውዬ ጋ ነበር። እኛ እንሂድለት።»