የቀበናው አጥር የሰማው

በ2279 ዓ.ም. ኅዳር 14 ቀን፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ፣ አዲስ አበባ ውስጥ ቀበና ወንዝ አጠገብ ካለው አሮጌ የድንጋይ አጥር ሥር የነበሩት የትዝታ ቤተ ሙከራ ኃላፊ ወይዘሮ ትበርህ፣ የመሣሪያው ባለሙያ ዘርጋው፣ ከበዓል ኮሚቴ የተላኩት አቶ ጉርሜሳና አንድ አፍራሽ ሮቦት ናቸው። ሮቦቱ ቤት ያክላል፤ ግን ጨዋ ነው።

«ይቅርታ፣ ልጀምር?» አለ።

«ትንሽ ቆይ፣ አሁን እንጨርሳለን» አሉት ወይዘሮ ትበርህ።

ከራሳቸው በላይ የአየር ታክሲዎች ይመላለሳሉ። የታክሲ ረዳቶቹ ብረት ከሆኑ መቶ ዓመት አልፏል። ቢሆንም በመስኮት ብቅ ብለው «አንድ ሰው የቀረው! አንድ ሰው!» ይላሉ፤ ታክሲው ውስጥ ግን ገና ማንም የለም።

ከተማዋ አራት መቶ ዓመት ሊሞላት አንድ ሳምንት ቀርቷታል። በከተማዋ ከቀሩት አሮጌ የድንጋይ አጥሮች ይህ የመጨረሻው ነው። ኮሚቴው አፍርሶት ለእንግዶች የአየር ታክሲ ማረፊያ ሊሠራበት አስቧል። ዘርጋው ደግሞ ሦስት ዓመት ሙሉ ይህን አጥር ሲያዳምጥ ስለኖረ፣ አጥሩ ከሚፈርስ የራሱ ቤት ቢፈርስ ይመርጣል። ይህን ግን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ዓይን አፋር ነው።

ውሉ ግልጽ ነበር። እስከ ስድስት ሰዓት ድረስ ከአጥሩ ውስጥ ለበዓሉ የሚሆን አንድ ታላቅ ቃል ከተገኘ አጥሩ ይተርፋል። ካልተገኘ ይፈርሳል።

ቃሉን የሚፈልገው ድንጋይ ሰሚ የሚባለው መሣሪያ ነው። ሰው ሲናገር ድምፁ ድንጋዩን በጥቂቱ ያንቀጠቅጠዋል፤ ድንጋይ ሰሚው በድንጋዩ ውስጥ የቀረውን ያን ንዝረት አንብቦ መልሶ ድምፅ ያደርገዋል። ከዚያም በየዘመኑ ከተነገረው ሁሉ፣ ቃሉ ቢለያይም፣ ብዙ ጊዜ የተደጋገመውን ሐሳብ ይመርጣል።

ዘርጋው ቁልፉን ተጫነ። መሣሪያው ጥቂት አጉረመረመና የአራት መቶ ዓመቱን ቃል በጽሑፍ አወጣ።

«መንገድ ላይ ነኝ።»

አቶ ጉርሜሳ መነጽራቸውን አወለቁ፤ ጠርገው መልሰው አደረጉ። ጽሑፉ አልተለወጠም።

«ይኼ ነው የከተማዋ ታሪክ?»

«ተበላሽቶ ነው» አሉ ወይዘሮ ትበርህ፤ መሣሪያውንም ጎኑን በጥፊ መቱት። ዕቃ የሚጠግኑት እንዲህ ነው፤ ብዙ ጊዜም ይሠራል።

መሣሪያው ግን ደገመው። ዘርጋው ፈታታው፣ አጸዳው፣ መልሶ ገጠመው። ያው ነው።

«ድምፁን ራሱን እንስማ» አሉ አቶ ጉርሜሳ ትዕግሥታቸው እያለቀ። «ምናልባት ከቃሉ በኋላ ቁም ነገር ይኖር ይሆናል።»

መጀመሪያ የተሰማው የ1895 ዓ.ም. ድምፅ ነበር፤ ከበስተጀርባው ወንዙ ሞልቶ ይጮኻል፣ ድልድይ የለም። አንድ ባላምባራስ መልእክተኛ ይልካሉ። «ባላምባራስ ወንዙን ተሻግረዋል ብለህ ንገር!» ቀጥሎ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንተ፣ በቅሎዋን ገና አትጫን። አንድ ብርሌ ጨምርልኝ» አሉ።

የ1951ዱ አጥሩን ተደግፎ ሱቅ የሠራ ልብስ ሰፊ ነው። «ጋሼ፣ መንገድ ላይ ነው ይበሉት፤ ቁልፍ ብቻ ነው የቀረው!» ደንበኛው ሲሄድ ወደ ሚስቱ ዞረ። «የዚህን ሰውዬ ጨርቅ የት ነበር ያስቀመጥነው?»

የ2011ዱ ወጣት በእጅ ስልክ ይጮኻል። «መንገድ ላይ ነኝ ስልህ! መገናኛን አልፌያለሁ!» ወዲያውም፣ «እማዬ፣ ካልሲዬን አይተሻል?»

የ2140ዋ ሴት፣ «በአየር ላይ ነኝ፣ እያየሁሽ ነው፣ እጅሽን አውጪ» ትላለች። የጥርስ ብሩሽ ድምፅ በደንብ ይሰማል።

«በአራት መቶ ዓመት አንድ እውነተኛ ሰው አልነበረም?» አሉ አቶ ጉርሜሳ። በዚህ መካከል ጉትቻቸው ጮኸ፤ ጉትቻ በዚያ ዘመን ስልክ ነው። የኮሚቴው ሊቀመንበር ነበሩ። አቶ ጉርሜሳ አጥሩን ተደግፈው፣ «አዎ ክቡርነትዎ፣ ጨርሰናል፤ መንገድ ላይ ነኝ። እንዲያውም እየደረስኩ ነው» አሉ።

ድንጋይ ሰሚው ጢጥ አለ። ከጽሑፉ ሥር አዲስ መስመር ጨመረ፦ 2279፣ አንድ ሰው።

ወይዘሮ ትበርህ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። አቶ ጉርሜሳ ግን በንዴት ቀሉ። «በቃ! ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው። የውሸት ክምር ለበዓል አላቀርብም።»

«ይቅርታ፣ ልጀምር?» አለ ሮቦቱ።

«አንድ ይቀራል» አለ ዘርጋው። ድምፁ ለራሱም አዲስ ሆነበት። «ጋሼ ጉርሜሳ፣ አንድ ብቻ። ይህን ለማንም አሰምቼ አላውቅም።»

በአጥሩ የታችኛው ድንጋይ ላይ የመሣሪያውን መስሚያ ለጠፈ። ዘመኑ 1970 ነው። የአንዲት ወጣት ሴት ድምፅ ተሰማ፤ በአጥሩ ወዲያ ላለች አሮጊት ጎረቤቷ ጮክ ብላ ትናገራለች።

«እማማ ወርቄ! ልጅዎን ያየ ሰው አግኝቻለሁ። መንገድ ላይ ነው!»

«ተመስገን» አለች አሮጊቷ።

1971። «እማማ፣ መንገድ ላይ ነው!» «ተመስገን።» 1972። 1973። ያው ድምፅ፣ ያው መልስ፤ የልጅቷ ድምፅ ብቻ በየዓመቱ እየጎለመሰ ሄደ። በ1975 ከመናገሯ በፊት ለረጅም ጊዜ ስታለቅስ ይሰማል። ከዚያ አፍንጫዋን ጠረገችና፣ «እማማ! መንገድ ላይ ነው!» አለች፤ እንደ ሁልጊዜው በደስታ።

በ1979 የአሮጊቷን በር ያንኳኳው ወንድ ነበር።

«እማዬ። በጣም ዘገየሁ?»

«አይ ልጄ» አለች አሮጊቷ። «መንገድ ላይ መሆንህን ነግራኛለች። ግባ፣ ራትህ ቀዝቅዟል።»

ድንጋዩ ዝም አለ። ወይዘሮ ትበርህ ነጠላቸውን አሁንም ፊታቸው ላይ ይዘዋል፤ እየሳቁ ግን አልነበረም።

«ልጅቷ ምንም አታውቅም ነበር ማለት ነው?» አሉ አቶ ጉርሜሳ።

«ምንም» አለ ዘርጋው። «ግን ሁሉም ይህን ቃል የሚሉት የሚጠብቃቸው ሰው ስላለ ነው። ባላምባራሱም ቢሆኑ። ለማይጠብቀው ሰው መንገድ ላይ ነኝ የሚል ማንም የለም።»

አቶ ጉርሜሳ ሰዓታቸውን አዩ። ስድስት ሰዓት ሆኗል። «ይህ ቃል ይበቃኛል፤ ግን ትእዛዙን እኔ ልሰርዘው አልችልም። ሊቀመንበሩ ራሳቸው መጥተው መፈረም አለባቸው» ብለው ደወሉላቸው።

«መንገድ ላይ ነኝ!» አሉ ሊቀመንበሩ። ከበስተጀርባቸው የሹካና የሳህን ድምፅ ይሰማል።

ሮቦቱ ክንዱን አነሣ። ትእዛዙ ትእዛዝ ነው። ዘርጋው ሄዶ አጥሩን ተደግፎ ቆመ፤ ሌላ የሚያደርገው አላወቀም። በዚህ ጊዜ የሮቦቱ መሥሪያ ቤት በሬዲዮ ጠራው።

«ቁጥር አርባ፣ አጥሩ ፈረሰ ወይ?»

ሮቦቱ ጠዋቱን ሙሉ ሲያዳምጥ ነበር። ክንዱ በአየር ላይ እንደተሰቀለ ዘርጋውን አየ፤ ከዚያም በታችኛው ድንጋይ ላይ የተለጠፈውን መስሚያ አየ።

«ጨርሻለሁ» አለ ሮቦቱ። «መንገድ ላይ ነኝ።»

ክንዱንም ቀስ ብሎ አወረደ።

ሊቀመንበሩ የደረሱት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። የ1970ውን ድምፅ እስከ መጨረሻው ሰምተው ፈረሙ። አጥሩ አልፈረሰም። በዓሉ በሳምንቱ በዚያው ቦታ ተከበረ፤ በሰዓቱ የተገኘው ቁጥር አርባ ብቻ ነበር።