ዶን ዌንሴስላኦ የዘጉት ታክሲ

የማያምነኝ ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። በእኔ ባይደርስ እኔም አላምንም ነበር።

ግን ሆኗል።

እኩለ ሌሊት አልነበረም። መብራትም አልጠፋም። ሐሙስ ቀን ነው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት። ፑዌብላ ከተማ፣ ከዶን ፕላሲዶ ወርክሾፕ ውስጥ። የጣሪያው ቆርቆሮ በፀሐይ ይንጫጫል...

ሥራችን ፕላስቲክን ክሮም ማልበስ ነው። የመኪና በር እጀታ፣ የስፖኪዮ ሽፋን፣ አንዳንዴም ሰዎች ለመደርደሪያ የሚሠሯቸው የትንንሽ ሞዴል መኪኖች ዕቃ ይመጣል። አጥበን፣ ቫርኒሽ ቀብተን፣ በርሜሉ ውስጥ እንሰቅለዋለን።

በርሜል እንለዋለን እንጂ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚገባበት የብረት ዋሻ ነው። በሩ ላይ ክብ መስታወት አለው። በሩ ሲዘጋ ፓምፑ አየሩን ሙልጭ አድርጎ ይስባል። ከዚያ ሽቦው ይግላል፤ አሉሚኒየሙ ይተንና የተሰቀለው ዕቃ ላይ ይለጠፋል።

አንድ ሕግ አለን። ድፍን ነገር ሳይበሳ በርሜል አይገባም። ውስጡ የቀረው አየር ወይ ያፈነዳዋል፣ ወይ እያመለጠ ሥራውን ያበላሻል።

ይሄን አሳምሬ አውቃለሁ...

የዚያን ቀን ጠዋት ዶኛ ኦብዱሊያ በፎጣ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው መጡ። ማዶ ያለው ቤት የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። ፎጣውን ገለጡት።

ቮልስ ታክሲ። ክንድ የምታህል፣ የፕላስቲክ። ባለቤታቸው ዶን ዌንሴስላኦ ሠላሳ ዓመት የነዷትን ታክሲ ቁርጥ እሷኑ አስመስለው የሠሯት ናት።

«መስኮቷም ሳይቀር ክሮም ትሁንልኝ» አሉ።

«እሺ ዶኛ። ሆዷ ሥር ትንሽ እበሳታለሁ፣ አይታይም።»

እጄን ጨመደዱኝ።

«እንዳትበሳት!»

«ለምን?»

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ጣሪያዋን የለጠፈው የሞተ ቀን ነው። መጀመሪያ ውስጧ ያለውን አቧራ እፍ... አለው። ከዚያ ዘጋት። ከዚያ... እዚያው ወንበሩ ላይ ቀረ።»

ታክሲዋን ተቀበልኳቸው።

«ትንፋሹ እዚህ ውስጥ ነው፣ ልጄ። ፕላስቲኩ እያረጀ ሊሰነጠቅ ነው። እንዳያመልጠኝ ብዬ ነው የማስለብሰው። ከሱ የተረፈኝ ይሄ ብቻ ነው። ቃል ግባልኝ።»

ገባሁላቸው።

ዶን ፕላሲዶ ከምሳ ሲመለሱ ታክሲዋን አዩዋት።

«በሳሃት?»

«በስቻታለሁ።»

«በጓዳሉፔዋ እመቤት ማል?»

«በጓዳሉፔዋ እመቤት።»

«አንተ ህልመኛ! ባለፈው የአንዱን ሰውዬ ስፖኪዮ ሽፋን ገልብጠህ ሰቅለህ ውስጡን ክሮም አድርገህ ሰጠኸው። ማን እንዲያይለት ነው? ሸረሪት?»

እየሳቅኩ ታክሲዋን መሐል ላይ ሰቀልኳት። በሩን ዘጋሁ። ፓምፑ ተነሳ።

የአየር መለኪያው ጌጅ ቀስት ወረደ... ወረደ... ቆመ።

ከዚያ ወጣ።

ከዚያ ወረደ።

«በሩ አየር ያስገባል እንዴ?» አሉ ዶን ፕላሲዶ። የበሩን ጎማ ዙሪያውን በእጃቸው ዳበሱት። ምንም የለም።

ቀስቱ ወጣ... ወረደ... ወጣ...

«ኒካኖር» አሉኝ ቀስ ብለው። «እስቲ ቁጠር።»

ቆጠርኩ። አራት እስክል ይወጣል። አራት እስክል ይወርዳል። ሳይዛነፍ።

«ይሄ አየር ማምለጥ አይደለም» አሉ በሹክሹክታ። «ያመለጠ አየር አይመለስም።»

በመስታወቱ አጮለቅኩ። ሌላው ዕቃ ሁሉ ቀጥ ብሎ ተንጠልጥሏል። የታክሲዋ ጣሪያ ግን... ከፍ ይላል። ዝቅ ይላል። ከፍ...

እንደተኛ ሰው ደረት።

«በሳሃት ወይስ አልበሳሃትም?»

«አልበሳኋትም።»

ፊታቸው አመድ መሰለ።

«አጥፋው! ፓምፑን አጥፋው!»

እጄ ማጥፊያው ጋ ሳይደርስ...

ጧ።

ጥፍር ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። ቀስቱ ተስፈንጥሮ ወጣ። ከዚያ ቀስ ብሎ ወረደና መጨረሻው ላይ ቆመ። ሽቦው በተሞላለት ሰዓት ጋለ። ውስጡ ሁሉ ብር ሆነ።

ስንከፍተው ታክሲዋ እንደ መስታወት ታበራለች። እንደዚያ ያማረ ሥራ ሠርቼ አላውቅም። ጣሪያዋ ሥር ብቻ ፀጉር የምታህል ስንጥቅ አለች።

  እንደ ልማዴ የበሩን መስታወት ወለወልኩ። 

አሥር ሰዓት ላይ ዶኛ ኦብዱሊያ መጡ። ታክሲዋን አነሷት። ውበቷን አላዩም፤ ጆሯቸው ላይ ለጠፏት።

ቆየሁ...

«የለም» አሉ።

«ዶኛ፣ እኔ...»

«የለም! ቃል ገብተህልኝ! የት ሄደ?»

ዶን ፕላሲዶ ኮፍያቸውን አወለቁ። «ይቅርታ ያድርጉልን ዶኛ፣ ልጁ አስቦ...»

«እሽሽ...»

ዶኛ ኦብዱሊያ እጃቸውን አነሱ። ፊታቸውን ወደ በርሜሉ አዞሩ። በሩ ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነው። ፓምፑ ከጠፋ ቆይቷል።

ያዳምጣሉ።

ታክሲዋን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጧት። ዳግም ዞረው አላዩዋትም። ጫማቸውን አወለቁ። ጎንበስ አሉና... ገቡ።

«ዶኛ! ኧረ ይውጡ!»

ከውስጥ ሳቅ ሰማሁ። የባልቴት ሳቅ አይደለም። ተደብቃ የተገኘች ኮረዳ ሳቅ ነው።

«አንተ ሽማግሌ! እዚህ ተቀምጠህ ነው?»

ከዚያ ሳይዞሩ እንዲህ አሉኝ፦

«ልጄ፣ ዝጋልን።»

ዶን ፕላሲዶ አማትበው ወደ ኋላ ሸሹ። እኔ ግን... እግዜር ያሳያችሁ፣ አንድ ጊዜ ቃሌን በልቻለሁ። ሁለተኛ አልቻልኩም።

በሩን ገርበብ አደረግኩት። አልቆለፍኩትም።

በመስታወቱ አየኋቸው። ርቀው፣ የመጨረሻው ግድግዳ ሥር ቁጭ ብለዋል። ጀርባቸውን ሰጥተውኛል። ጭንቅላታቸውን ወደ ጎን ዘንበል አድርገዋል፣ ትከሻ ላይ እንደሚያስደግፍ ሰው።

መስታወቱ ላይ ግን፣ ከውስጥ በኩል፣ ልክ አፍንጫዬ ፊት ለፊት...

ጉም መጣ።

ጠፋ።

መጣ።