ኩርፊያ እስከ ተራራው ጫፍ

ኤሌኒና ሔኖክ የተዋወቁት ሺሺንዳ አጠገብ ጭቃ የያዘውን አውቶቡስ ሲገፉ ነው። እሷ የቦንጋው ነጋዴ የጋሽ ኃይለመስቀል ልጅ፣ እዚያው ቦንጋ አስተማሪ ናት። እሱ ከደብረ ብርሃን መጥቶ ከቦንጋ ርቃ ባለች ደካ በምትባል ትንሽ ከተማ የተመደበ የሒሳብ መምህር ነው። ጎማው ሲሽከረከር ጭቃው ሁሉ እሷ ላይ አረፈ፤ ሔኖክም አይቷት ሳቀ።

«ምን ያስቅሃል?»

«ምንም... ዓይንሽ ብቻ ነው የተረፈው።»

ያን ቀን አኮረፈችው። ከዚያ በኋላ ግን ቦንጋ ብቅ ባለ ቁጥር እሷን ሳያይ አይመለስም ነበር። እሷም እንደወደደችው ለራሷ አመነች።

በጥር ወር የደካ መምህራን ከከተማው ወጣ ብሎ ብቻውን የቆመውን ተራራ ሊወጡ ተነሡ። ሔኖክ ኤሌኒንና ጓደኛዋን ፀዳለን ጋበዛቸው። ፀዳለ ቦንጋ ትምህርት ቢሮ የምትሠራ፣ የሰማችውን ሆዷ ውስጥ ማሳደር የማትችል ልጅ ናት።

«ሔኖክ እኮ ቢሮ መጥቶ ነበር» አለቻት በዋዜማው። «ያገባ መምህር ሚስቱ ወዳለችበት ቶሎ ይዛወራል ወይ ብሎ ጠየቀ።»

ኤሌኒ እንቅልፍ አልወሰዳትም። ራቅ ያለ ወረዳ የተመደበ ሁሉ ዝውውር በሚያሳድድበት በዚያ ዘመን፣ ለዝውውር ሲል የተሞሸረም አልጠፋም። ለካ እኔም የዝውውር መንገድ ነኝ ብላ አሰበች። አመማት።

በማግስቱ የእንሰቱን ጓሮ አልፈው ጫካው ውስጥ ገቡ። ሽቅብ ሲሆን ሔኖክ እጁን ዘረጋላት፤ እሷ ቀርከሃውን ያዘች። ውሃ ሰጣት፤ «አልጠማኝም» አለች። ከንፈሯ ግን ደርቆ ነበር። ከቀርከሃው በላይ ሣርና ጉም ብቻ ቀረ። ጫፉ ላይ ሲደርሱ ሌሎቹ ምሳቸውን ፈቱ፤ ሔኖክ ለብቻዋ ወደቆመችበት መጣ።

«ምን አደረግኩሽ?»

«ለመዛወር ነው የምትፈልገኝ?»

ወዲያው ገባው። «ጠይቄያለሁ» አለ። «አልዋሽሽም።»

«ለእኔ ሳትናገር ለቢሮ?»

«አባትሽን ፈርቼ ነው። ልጄን ደካ አልሰድም ቢሉኝ ምን እላለሁ? መልስ ይዤ ልምጣ ብዬ ነው።»

እውነት ይመስላል። ግን እውነት የሚመስል ነገር መናገር ሔኖክን አያቅተውም። ስለዚህ ኤሌኒ ልትፈትነው ቆረጠች።

«እንግዲያው አንተ ቦንጋ አትመጣም። ደካ የምመጣው እኔ ነኝ። አሁንም ታገባኛለህ?»

ዝም አለ። ጉሙ ገለጥ ሲል ከታች የደካ ቆርቆሮ ቤቶች ታዩ፤ ዓይኑን እነሱ ላይ ተክሎ ቀረ። ዕንባዋን ሳያይባት ልትሄድ ዞር አለች።

«ቤቴ ያፈሳል» አለ።

«ምን?»

«ጣራው። ከክረምቱ በፊት ቆርቆሮውን እቀይረዋለሁ። ግድግዳው እንደገና ይመረጋል። አልጋውም...» ብሎ አፈረና ተወው።

ኤሌኒ ሳቀች፤ ሳቋ መሃል ላይ ለቅሶ ሆነ። ሰውየው ዝም ያለው እሷን የት እንደሚያኖራት ሲያስብ ነው።

«አባቴን ለእኔ ተወው» አለችው። ተራራውን እጅ ለእጅ ተያይዘው ወረዱ፤ ፀዳለም አይታ ዝም ማለት አልቻለችም።

ጋሽ ኃይለመስቀል ሽማግሌዎቹን አንዴ መለሷቸው፣ ሲደግሙ እሺ አሉ። ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ቦንጋ ላይ ተደገሰ። በሳምንቱ ኤሌኒ የዝውውር ማመልከቻዋን ይዛ ቢሮ ሄደች። የተቀበላት ሰው አነበበው፤ ቀና ብሎ አያት፤ ደግሞ አነበበው።

«እህቴ፣ ተገለባብጦብሻል መሰለኝ። ከደካ ወደ ቦንጋ ለማለት ነው?»

«አልተገለበጠም» አለች። ቀጥላም እስከዚያች ቀን ከአፏ ወጥቶ የማያውቀውን ቃል ቀስ ብላ አወጣችው። «ባሌ ያለው ደካ ነው።»